አጋሚው የሱፍና የልጁ ደም

ወረታ ላይ ወገቡን ያመመው ሰው ሁለት መሄጃ አለው፤ አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ የየሱፍ ቤት። ጤና ጣቢያ ወረፋ አለ፣ ካርድ አውጣ አለ፣ ነገ ተመለስ አለ። የየሱፍ ቤት ቀንድ አለ። እንግዲህ ሰው የቱን እንደሚመርጥ እናንተው ፍረዱ።

የሱፍ አጋሚ ነው። ዋግምት ያገማል። ጀርባን በምላጭ በጣ በጣ ያደርግና ቀንዱን ይደፋበታል፤ በቀንዱ ጫፍ በኩል አየሩን በአፉ መጥጦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል። ቀንዱ ቆዳውን ነክሶ ይቀራል፣ ደሙንም ቀስ እያለ ይስባል። ለሙስሊሙ ነጋዴ «ሂጃማ ሱና ነው» ይለዋል፤ ከርብ ወንዝ ዳር ለሚመጣው ክርስቲያን ገበሬ ደግሞ «የአባት የአያት ሙያ ነው» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ቀንዶቹ ሦስት ናቸው፤ አጫጭር የፎገራ በሬ ቀንዶች፣ ከአባቱ የወረሳቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ይከፍታል፤ በዚህ በኩል አይታማም።

የሚታማው በሌላ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቀንዱን ሲነቅል፣ ውስጥ ያለውን ደም ነጭ ሳህን ላይ ይገለብጠዋል። ደሙ ረግቶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ጉበት ሆኖ ይወጣል። ሳህኑን የሰውየው አፍንጫ ሥር ያመጣና ትንሽ ዝም ይላል። ዝምታውን አሳምሮ ያውቅበታል። ከዚያ «ይኸው በሽታህ» ይላል። ሰውየው አይቶ ይተነፍሳል፣ ግማሹ ሕመም እዚያው ይለቀዋል። የማንም ደም ቀንድ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቢቀመጥ ይረጋል፣ ይጠቁራልም። ይህን በሠላሳ ዓመት ሥራ ሳይታዘብ ቀረ ብዬ አላምንም። ግን አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ ደግሞ ሰው ሁሉ እየተሻለው ሲሄድ ምን ብሎ ይንቃ?

ሚስቱ ቱርኪያ በቤታቸው ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ የልጆች ብስኩት ትሸጣለች። ንግግሯ ቁጥብ ነው። አላህ የሰጣቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ኢክላስ። የሱፍ ስለ ቀንዶቹ ሲያወራ ይኮራል፤ ስለ ኢክላስ ሲያወራ ግን ድምፁ ይቀጥናል፣ ዓይኑ ውኃ ይሞላል፤ ሰው ደግሞ ይህን እያየ ይስቅበታል።

ቢኮራም አይፈረድበትም። ቁርአን ሠላሳ ጁዝ ነው፤ ኢክላስ ሃያ ዓመት ሳይሞላት አሥራ ስምንቱን በቃሏ ይዛለች። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፋ የሠፈር ልጆችን ቁርአን ታስቀራለች። ልጁ ሲቀራ እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ልጁ አንድ ቃል ሲስት፣ ቀና ሳትል፣ ቢላዋውን ሳታቆም የጎደለችውን ቃል ጣል ታደርግለታለች። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደግሞ አዲስ የያዘችውን ለአባቷ ታሰማለች። የሱፍ ዓረብኛውን እንደ እሷ አያውቀውም፤ ቢሆንም ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ያዳምጥና «አንድ ቃል አልሳትሽም» ይላታል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚላት። ብትስት እንኳ በምን አውቆ?

ሕመሙ የመጣው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው፤ ሜዳው ሁሉ ሩዝ የሚታጨድበት፣ መኪናው ሁሉ ጆንያ የሚጭንበት ሰሞን። ኢክላስ እንቅልፍ ጠላች። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፣ በአምስተኛው ቀን ዓይኗ እያበራ፣ ምላሷ ሳይታጠፍ፣ ሰው የማይከተለው ወሬ ታወራለች። የእናቷን ሳሙና ሰብስባ በባጃጅ ይፋግ ድረስ ሄደች፤ ገበያ ላይ ላገኘችው ሁሉ አድላው ባዶ እጇን ተመለሰች። በማግስቱ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙበት መሀል ላይ ቆማ የጭነት መኪና ታስቆም ጀመር። አላህ ልኮኛል አለች። ደስታዋ ነው ቤተሰቡን ያስፈራው፤ እንዲያ ያለ ደስታ ከሰው ላይ አይተው አያውቁም።

መጀመሪያ ጂኒ ነው ተባለ፤ ሩቅያ፣ የጂኒ ማስለቀቂያው ቁርአን፣ ተቀራባት። አልበረደችም። የቀሩባት ሽማግሌ ራሳቸው «እኛ ዱዓችንን እናደርጋለን፣ እናንተ ሐኪም ዘንድ አድርሷት» አሉ። ባሕር ዳር ወሰዷት። ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች፤ ቀጥናለች፣ ዝም ብላለች፣ ግን ኢክላስ ናት።

ስትወጣ ያየቻቸው ሐኪም ዶክተር ሊድያ ትባላለች። ወጣት ናት፣ ስትናገር አትቸኩልም። የሱፍንና ቱርኪያን ጎን ለጎን አስቀምጣ ሕመሙ ባይፖላር እንደሚባል ነገረቻቸው፤ ስሜት ከልክ አልፎ ሽቅብ ይወጣል፣ ቆይቶ ደግሞ ቁልቁል ይወድቃል። ከዚያ ሌላ ነገር አነሳች።

«ሕመሙ ገና የጀመራቸውን ወጣቶች ደም እያጠናን ነው፤ ፈቅዳችሁ የኢክላስንም ወስደን ነበር» አለች።

የሱፍ ደም ሲባል ቀና አለ። «ምን አገኛችሁበት?»

«ብግነት እንለዋለን። ቁስል ሲያመረቅዝ ቀልቶ ያብጥ የለ ጋሼ? የእሷ ሰውነት ቁስል ሳይኖረው እንደዚያ እየተቆጣ ነው። ሌላም አለ። ሰውነት ምግቡን አቃጥሎ ጉልበት ያደርገዋል፤ ከዚያ የሚተርፍ ጎጂ ነገር አለ፤ ጢስ በሉት። ጤነኛ ሰውነት ጢሱን ያስወጣል። ይህ ሕመም ሲነሳ ጢሱ ከሚወጣው ይበልጣል፤ አንጎልንም ይጎዳል ብለን እንጠረጥራለን። ጥናት ነው፣ ያላወቅነው ይበዛል። በዚህ የደም ምርመራ በሽታው አይለይም፣ አይታከምም።»

«ደሟ ጥቁር ነበር?»

ሊድያ ግር አላት። «ኧረ ቀይ ነው፤ እንደ ማንም ሰው። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም።» ከዚያ ወንበሯን ቀረብ አደረገች። «በደንብ የማውቀውን ደግሞ ልንገርዎ። ይህ ሕመም በተመላለሰ ቁጥር ይዞት የሚሄደው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ከማስታወስ ላይ ነው የሚጀምረው። አሁን ገና መነሻው ላይ ነን፤ የኢክላስ ጭንቅላት ሙሉ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ይህን እንክብል ሁለት ዓመት ሳታቋርጥ ትውሰድ። ደህና ሆንኩ ብላም እንዳታቆም። የሚከብዳት ነገር ካለ ወደ እኔ አምጧት፣ መጠኑን እናስተካክላለን።»

ከዚያ ክፍል ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ይዘው ወጡ። ቱርኪያ «ሁለት ዓመት» የሚለውን ያዘች። የሱፍ «ደም» የሚለውን ያዘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እንክብሉ ቀላል አልነበረም፤ እሱን መካድ አይቻልም። ኢክላስ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወፈረች። ከሰዓት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ታንቀላፋለች፤ ልጆቹ ጥቅሻ ይጣቀሳሉ። የያዘችውን አልረሳችም፣ ግን ለአባቷ ስታሰማ እያንዳንዷ ቃል እየተጎተተች ትወጣለች። ቱርኪያ በየማታው ከእራት በኋላ እንክብሉን በእጇ ትሰጣታለች፤ አጠገቧ ቆማ እስክትውጥ ታያለች። የሱፍ ይህን በየማታው ያያል። ሐኪሟ ያለችውን ያስበዋል፤ ደሟ ተቆጥቷል፣ ጢስ ይዟል። ታዲያ በዚህ አገር የተበላሸ ደም የሚያወጣው ማን ነው? የሰውን ሁሉ ወገብ ያዳነ እጅ ለገዛ ልጁ ሲሆን ተጣጥፎ ይቀመጣል? ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይህ ነው አለ ለራሱ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ወር አብሰለሰለው።

ሰኔ ላይ አንድ ዓርብ፣ ቱርኪያ ዘመድ ጥየቃ አንበሳሜ የሄደች ዕለት፣ ኢክላስን ጠራት።

የሱፍ ሴት አግሞ አያውቅም። ሴቶቹን የሚያግሙት እናቱ ነበሩ፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ሴት ደንበኛ ስትመጣ ይመልሳታል። የልጁን ጀርባ ያየው ሕፃን ሆና ስትታጠብ ነው። ምላጩን ከፈተ።

«ያማል አባ?» አለችው።

«ትንኝ የነከሰሽ ያህል ነው። ደምሽ ውስጥ ያለውን ነገር አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ይህን መርዝ መዋጥ ይቀራል። ሐኪሟም ደም ነው ብላለች።»

ኢክላስ አመነችው። ለምን አታምነው? አባቷ ነው፣ አጋሚም ነው። ሦስቱን ቀንዶች በትከሻዋ መሀል ደረደራቸው። ሩብ ሰዓት ጠብቆ ነቀላቸውና ደሙን ሳህኑ ላይ ገለበጠው። ጥቁር ነው፤ የረጋ፣ የሚያብለጨልጭ። የሱፍ ያን ጊዜ የተሰማው ደስታ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተሰምቶት አያውቅም። ሐኪሟ በዓይን አይታይም ያለችውን እሱ በሳህን ይዞታል። ልጁ ፊት አቀረበላት፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ «ይኸው በሽታሽ» አላት። ኢክላስ አይታ ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም ነበር።

ቱርኪያ ስትመለስ ጭቅጭቅ ሆነ። ጭቅጭቅ እንኳ አይባልም፣ እሷ አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግማ ያለችው፤ «ሐኪሟ ሁለት ዓመት ነው ያለችው።» የሱፍ ሐዲስ ጠቀሰ፣ አባቱን ጠቀሰ፣ ሳህኑን ጠቀሰ። እሷ «ሁለት ዓመት» አለች። በመጨረሻ የእንክብሉን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አንሥቶ ጓሮ ሽንት ቤት ውስጥ ከተተው። ቱርኪያ ሲመለስ አየችው። በዚህ ቤት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው፤ ይህ የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ነው። ባሕር ዳር ሄዳ ሌላ ልታመጣ ትችል ነበር። አላመጣችም፤ ይህንንም ለራሷ ይቅር አትለውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ሳምንታት፣ አላህ ያሳያችሁ፣ የዚያ ቤት ምርጥ ቀናት ነበሩ። እጇ መንቀጥቀጡን ተወ። ዓይኗ ተገለጠ። አሥራ ዘጠነኛውን ጁዝ ጨርሳ ሃያኛውን ጀመረች፤ ልጆቹን በሁለት ፈረቃ ታስቀራለች፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች። ጎረቤት ማሻአላህ አለ። የሱፍም ለሚያግመው ሁሉ አወራ፤ ባሕር ዳር ያቃተውን እኔ በሦስት ቀንድ ጨረስኩት አለ። ቱርኪያ ግን ልጇ ስንት ሰዓት እንደተኛች ትቆጥር ነበር። ስድስት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት። ለየሱፍ ስትነግረው «ለዒባዳ፣ ልትሰግድ ነው የምትነሣው፣ ምን ክፉ ዓይን ነው» አላት።

ሐምሌ ሲጋመስ ኢክላስ ጠፋች። ክረምቱ ከብዷል፣ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጥቷል። ሁለት ቀን ሙሉ ወረታ ተፈለገች፣ መናኸሪያው ተጠየቀ፣ ባጃጅ ነጂዎች ተጠየቁ። በሦስተኛው ቀን ማረው የሚባል ገበሬ፣ የሩዝ ማሳው ሰምጦ እንደሆነ ሊያይ በወጣበት፣ ውኃ መሀል ቆማ አገኛት። እስከ ጭኗ ውኃ ውስጥ ናት፤ ድምጿ ተዘግቷል፣ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። እግሯ በስለት ነገር ተቀዶ አብጧል፣ ሰውነቷ በትኩሳት ይነዳል። ማረው በጀርባው አዝሎ አስፋልት ድረስ ግማሽ ቀን ተጓዘ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው፤ ለየሱፍ ሲያስረክበው «ቀላል ናት ጋሼ፣ ምንም አልከበደችኝ» ብቻ ነው ያለው።

አንዳንድ ሰው ለየሱፍ ሲያዝን፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው መድኃኒት ያጣችው ይላል። በዚህ ሁለት ዓመት መንገድ ስንቴ እንደተዘጋ ማንም ያውቃል፤ ስንቱ ሰው በዚያ ሞቷል። ይህ ግን በዚያ አይሳበብም። የሰኔው መንገድ ክፍት ነበር።

ባሕር ዳር መልሰው ወሰዷት፤ ዶክተር ሊድያ ልጅቷን ስትመረምር ጀርባዋን ገለጠች። በትከሻዋ መሀል ሦስት ክብ ጠባሳዎች አሉ፤ በየክቡ ውስጥ የምላጭ መስመር በረድፍ።

«ማን ነው ያገማት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ የሱፍ።

«እንክብሉስ?»

«ጣልኩት።»

ሊድያ አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ደስ ባለው። የኢክላስን ልብስ ቀስ አድርጋ መለሰችና ተቀመጠች። «ጋሼ የሱፍ፣ ያ ነገር ከጀርባ ተቀድቶ የሚያልቅ አይደለም። ሰውነቷ ነው የሚሠራው፤ ዛሬ ደሟን ቢያወጡት ነገ ያንኑ ይሠራል። ሕመሙን ይዞልን የነበረው እንክብሉ ነው። ያኔ ይህን አጥብቄ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።»

«ደህና ሆና ነበር እኮ። ሃያኛውን ጀምራ ነበር።»

«ያ የሕመሙ መነሻ ነበር።»

የሱፍ ያን ሦስት ሳምንት አሰበው። ደስታው ሁሉ፣ ጉራው ሁሉ፣ በየሰው ጀርባ ላይ ያወራው ሁሉ። ወለሉን እያየ «የሚወስደውን ወስዷል?» ሲል ጠየቀ።

«አሁን አላውቅም። ትኩሳቱ ይውረድ፣ ሕመሙ ይርጋ። የተወሰነው ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ሁለት ወር ተኝታ በመስከረም ወጣች። ከዚያ ቁልቁሉ መጣ፤ እስከ ኅዳር ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አሁን ትነሣለች፣ ትበላለች፣ እናቷን በሥራ ታግዛለች። እንክብሉን የምትሰጣት ቱርኪያ ናት፤ ብልቃጡ በሱቁ ውስጥ ቁልፍ ባለው ሣጥን ነው፣ ቁልፉ በአንገቷ ነው። የሱፍ እንዲነካው አትፈቅድም። እሱም አይጠይቅም። ያ የመጨረሻው ቃል የሚሉት ነገር ከየሱፍ እጅ ወጥቷል፤ ለማን እንደተሰጠ ሳይነገር ቱርኪያ ይዛዋለች። ከየሱፍ ጋር የምታወራው የግድ የሆነውን ብቻ ነው፤ ራት ቀርቧል፣ ውኃ መጥቷል።

በታኅሣሥ ኢክላስ ልጆቹን ላስቀራ አለች፤ ሊድያም ትሞክር ብላለች። አምስት ልጆች መጡ። ሰአዳ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ጀመረችና መሀል ላይ ቆመች፤ ሁሌም እንደሚሆነው ቃሉ ከኢክላስ አፍ እስኪጣልላት ጠበቀች። ኢክላስ ሽንኩርት የምትልጥበትን ቢላዋ አቆመች። ቀና አለች። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ምንም አልወጣም። ሰአዳ ራሷ አስታውሳ ቃሉን ተናገረችና፣ መምህሯን ያስከፋች መስሏት አንገቷን ደፋች። በማግስቱ ሦስት ልጆች መጡ። በሳምንቱ ምንጣፉ አልተነጠፈም። ከአሥራ ዘጠኙ ጁዝ አጫጭሮቹ ምዕራፎች አሉ፤ ሌላው እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ነው። ማታ ከመግሪብ በኋላ የሱፍ እንደ ልማዱ ይቀመጣል። ማንም አይመጣም።

ቀንዶቹን ከሐምሌ ወዲህ አልነካቸውም። የመጣውን ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያ ሂድ እያለ ይመልሳል፤ ሰውም ይገረማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውም አልጠፋም። ጥር ሲገባ ግን ማረው መጣ። ሩዝ ሲወቃ ሰንብቶ ወገቡ ተይዟል፤ ጎብጦ፣ በዱላ ተደግፎ በር ላይ ቆመ።

«ጤና ጣቢያ ሂድ ልጄ» አለው የሱፍ።

«ሄጄ ነበር። ክኒን ሰጡኝ፣ እሱንም እየዋጥኩ ነው። እባክዎ ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ቀና ብዬ ልሂድ።»

ልጁን ግማሽ ቀን ያዘለ ጀርባ ነው። ለዚህ ጀርባ እንዴት እምቢ ይባላል? የሱፍ ቀንዶቹን አወጣ፣ አዲስ ምላጭ ከፈተ፣ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። ኢክላስ እዚያው ጥግ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። የሱፍ ዝም ብሎ በጣ፣ ዝም ብሎ መጠጠ፣ ዝም ብሎ ጠበቀ። ቀንዱን ሲነቅል ደሙን ሳህኑ ላይ ገለበጠውና፣ በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጓሮ ሊወስደው ተነሣ።

«ምነው ጋሼ፣ አያሳዩኝም እንዴ?» አለ ማረው።

የሱፍ ሳህኑን ይዞ ቆመ።

ኢክላስ ከሰፌዱ ቀና አለች። ማረውን አየችው፣ ሳህኑን አየችው። ትንሽ ዝም አለች፤ ልክ አባቷ የሚቆየውን ያህል። ከዚያ በእሱ ድምፅ፣ በእሱ አጣጣል፣ «ይኸው በሽታህ» አለች።

ማረው ሳቅ ብሎ ተነፈሰ። ኢክላስ ወደ አባቷ ዞረች። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር የሱፍ ያውቀዋል፤ ሕፃን ሆና ምዕራፍ ጨርሳ ስትጠብቀው እንዲህ ነበር የምታየው።

«ልክ ነው አባ?» አለች።

ቱርኪያ ከሱቁ መስኮት እያየችው ነው።

«አንድ ቃል አልሳትሽም» አላት።